ሲንተቲክ ነው፣ አላታልልህም

ዓብዱ አፍንጫውን የሚያምነውን ያህል ሰው አያምንም። ሾላ ገበያ ጫማ ሲሸጥ በኖረባቸው ዓመታት ቆዳ ነው ተብሎ ፕላስቲክ የገዛበት፣ ቆዳ ነው ብሎም ፕላስቲክ የሸጠበት ቀን የለም። ጫማውን አንስቶ ጎበጥ ያደርገዋል፤ አፍንጫው ሥር አስጠግቶ ይስበዋል፤ ልቡ ካልሞላ ደግሞ ከውስጥ በኩል ክር የምታህል ቁራጭ ቆርጦ ክብሪት ይጭርባታል። ቆዳ ከሆነ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል። ካልሆነ ቀልጦ ጣት ላይ ይጣበቃል። ያን ጊዜ «ሲንተቲክ!» ይላል፣ አፉ ውስጥ የገባች ዝንብ እንደሚተፋ ሰው። ከደንበኛም አይደብቅም። «ሲንተቲክ ነው፣ አላታልልህም። አንድ ክረምት አይሻገርም፤ የረከሰውም ለዚህ ነው» ብሎ ነው የሚሸጠው። ሲፎክር ደግሞ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። የሾላ ሰው ለሐቀኝነቱ ይወደው ነበር። ታናሽ እህቱ ፈትያም ትኮራበት ነበር።

ፈትያ ጅዳ የሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። ቤቱ ትልቅ ነው፤ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር እብነ በረድ ነው፤ ያን ሁሉ የምታሸው እሷ ናት። መኝታዋ ልብስ ማጠቢያው አጠገብ ያለች መስኮት የሌላት ክፍል ነበረች። እመቤቲቱ አትመታም፣ አትሳደብም፤ ስሟን ግን አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም። ከጧት እስከ ማታ «ያ ቢንት»፣ አንቺ ልጅ፣ ነው። ሰው በስሙ ሳይጠራ ዓመት ከዓመት ሲኖር ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፈትያ ሌሊት ትራሷ ላይ ሆና «ፈትያ» እያለች ራሷን ትጠራ ነበር።

ያ ሁሉ ዘመን ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ አንድ ሚኒባስ ሆነ። በአሰብ በኩል አዲስ አበባ ገባ፤ ሰማያዊና ነጭ ተቀባ፤ በዓብዱ ስም ወጣ። «ሴት ልጅ ታክሲ አላት ከሚባል፣ በወንድምሽ ስም ይሁን» ያሉት እናቷ እትዬ ሰኪና ናቸው። ፈትያም እሺ አለች። ስሙ ምን ያደርግላታል? እሷ የፈለገችው ሌላ ነው። መኪናው ጉርድ ሾላ ተራ ይይዛል፤ ቤቱ ይተዳደራል፤ ቀስ ብሎም እሷ የሻሽና የአባያ ሱቅ ትከፍታለች፤ ደንበኛው ሁሉ «ፈትያ» እያለ ይጠራታል። በመጋቢት ስትመጣ ፓስፖርቷ ላይ የመመለሻ ቪዛ ተመቶላት ነበር፤ እስከ መስከረም መጨረሻ የሚሠራ። እመቤቲቱ «ትመለሻለሽ» ብላ ነበር የሸኘቻት፣ ነገ ፀሐይ ይወጣል እንደሚል ሰው ያለ ጥርጥር። ፈትያ በሆዷ ስቃባት ነበር። መስከረም ይለፍ እንጂ ያ ማኅተም ይሞታል፤ እሷም የማንም ቢንት አትሆንም።

መኪናው ውስጥ አንድ ካርቶን የሞተር ዘይት አብሮ መጥቷል። መኪናውን ያገኘላት ዘይቱንም ያስገዛት የዚያው ቤት ሹፌር ጋሽ ያሕያ ነው፤ የደሴ ሰው ነው፤ በዚያ ግቢ በስሟ የሚጠራት እሱ ብቻ ነበር። «ስሚኝ ፈትያ» አላት፣ «ይህ ሞተር ቱርቦ አለው፤ ጉልበት የሚጨምርለት ነገር ነው። ቱርቦ ሲግል ተራ ዘይት ይጋገርበታል። ይህን ነው የሚፈልገው። ቀጭን ነው ብለሽ አትናቂው፤ የቀጠነው ቶሎ እንዲደርስ ነው። ይህ ሲያልቅ እንኳን የታሸገ ግዙለት እንጂ ከበርሜል የሚቀዳ ነገር አታስነኩት።» ፈትያ የነገራትን ሁሉ በቃሏ ያዘች። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውንም ፊደል እየቆጠረች ማንበብ ተማረች፤ የእንግሊዝ ፊደል የለየችው በሳሙናና በበረኪና ጠርሙስ ነው።

እና አገሯ በገባች በሳምንቱ ካርቶኑን ሳሎን መሀል አስቀምጣ፣ አንዱን ቆርቆሮ አንስታ፣ ጎበዝ ተማሪ መስላ አነበበችለት።

«ዓብዱዬ፣ ይህ እንደ ሌላው ዘይት እንዳይመስልህ። ሲንተቲክ ነው!»

ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይላሉ አባቶች። «ጥሩ ዘይት ነው» ብትል ምን ነበረበት? «ውድ ነው» ብትል፣ «የጅዳ ሀብታሞች የሚጠቀሙበት ነው» ብትል፣ ዓብዱ ቆርቆሮውን ስሞ ይቀበል ነበር። እሷ ግን ከዓለም ቃል ሁሉ መርጣ፣ ወንድሟ ዕድሜውን ሙሉ ሲተፋው የኖረውን ቃል አመጣችለት።

ዓብዱ መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አይቶ ሳቁን ተወ።

«ማን ነው የሸጠልሽ?»

«ጋሽ ያሕያ ነው ያስገዛኝ። ምነው?»

«አታለሉሽ።» ቆርቆሮውን ተቀበላት፤ ከፍቶ ጣቱ ላይ አንጠባጠበ፤ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ፈተገው። ከዚያ አፍንጫው ሥር አስጠጋው። «አይሸትም።»

«ዘይት ለምን ይሸታል?»

«እውነተኛ ነገር ይሸታል፣ ፈትያ። ይህ ውሃ ነው። እይው፣ ጣቴ ላይ እንኳ አይቆምም፤ እንዴት ብሎ ነው ብረት ላይ የሚቆመው? ሲንተቲክ ብለው ጽፈውበታል እኮ! ሌባ ሌባ ነኝ ብሎ ግንባሩ ላይ ጽፎ ሲመጣ ቁጭ ብለሽ ትቀበይዋለሽ?»

«የቀጠነው ቶሎ እንዲደርስ ነው፤ ጋሽ ያሕያ ሹፌር ነው፣ ሃያ ዓመት...»

«ሹፌር ይሁን! እኔ ደግሞ ሲንተቲክ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አንቺ የለፋሽበትን መኪና በአርቲፊሻል ነገር አላበላሽም።»

እትዬ ሰኪና ከመከዳቸው ቀና ብለው፣ «ተይ እስቲ ልጄ፤ ወንድምሽ የሚያውቀውን ያውቃል» አሉ።

የፈትያ ዓይን እንባ ሞላ። ስለ ዘይቱ ብቻ አልነበረም። የመጣችው ሰው ሆና ልትሰማ ነበር። ዓብዱ እንባዋን ሲያይ አንጀቱ አልቻለም፤ ካርቶኑን ብድግ አድርጎ፣ «እሺ፣ እሺ፤ እጨምረዋለሁ። አታልቅሺ» አለ።

«ወላሂ በል።»

«አቦ እሺ አልኩሽ አይደል!»

ወላሂ አላለም። ዓብዱ በውሸት አይምልም። ይህን ልብ ማለት ነበረባት፤ ማን ልብ ይላል፣ የገዛ ወንድም ነው።

ዓብዱ ጫማውን ትቶ መሪ ጨበጠ፤ መኪናው ሥራ ጀመረ። ከመገናኛ ጉርድ ሾላ፣ ከጉርድ ሾላ ሲኤምሲ ሲመላለስ ይውላል። ዓብዱ ማታ ሲገባ ኮፈኑን ከፍቶ በጨርቅ ይወለውለዋል፤ ለሞተሩ እንደ ሰው «እንዴት ዋልክ» ይለዋል። ማንም የታክሲ ሹፌር መኪናውን እንደሱ አልተንከባከበም። ይህን መመስከር ግድ ነው፤ ነገሩን የሚያከፋውም ይኸው ነው።

ሰኔ ላይ ፈትያ አንድ ነገር ሰማች። ጧት ጧት ሞተሩ ሲነሳ ከውስጥ ኳ ኳ የሚል ድምፅ ያሰማል፤ ቆይቶ ይጠፋል። ጅዳ ከጋሽ ያሕያ ኋላ ተቀምጣ ገበያ ስትመላለስ እንዲህ ያለ ድምፅ አልሰማችም።

«ዓብዱዬ፣ ዘይቱ እንዴት ነው?»

«ትናንት ነው የቀየርኩት። ሙሉ ነው።»

«የቱን ዘይት?»

«ፈትያ! ለዚህ መኪና ከአንቺ በላይ የማስብለት እኔ ነኝ እኮ።»

እውነቱን ነበር። ግን መልስ አልነበረም፤ እሷም መልስ አድርጋ ወሰደችው።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ወንዝ ባደረገበት ቀን፣ ፈትያና እናቷ ከሾላ ገበያ በርበሬና ሽንኩርታቸውን ይዘው በራሳቸው መኪና ጋቢና ተሳፍረው ይመለሱ ነበር። ከኋላ ተሳፋሪው ጢም ብሏል። መገናኛን እንዳለፉ ፈትያ ከመሪው ጀርባ ቀይ መብራት በርታ አየች፤ የዘይት ማሰሮ የመሰለች ትንሽ ሥዕል አለችባት።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«ተያት። ሽቦዋ ነው። ሰሞኑን እንዲሁ ነው የምትዋሸው።»

ሰው የማያምን ሰው መብራትም አያምንም። ጉርድ ሾላ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር ከሥር አንድ ሰው በመዶሻ የሚቀጠቅጥ ይመስል ድምፅ መጣ፤ የተቃጠለ ብረት ሸተተ፤ ከዚያ መኪናው እንደ ግትር በቅሎ ባለበት ቆመ። ሞተሩ ነከሰ፤ ብረት ከብረት ተጣብቆ አልዞር አለ። ዓብዱ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረ። ምንም የለም። ተሳፋሪው እየተነጫነጨ ዝናብ ውስጥ ወረደ። እትዬ ሰኪና «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላሉ። የፈትያ እጅ የበርበሬውን ፌስታል ጨምቆ ቀዶት ነበር።

እየገፉ ከመንገዱ ጀርባ ካለው የጋሽ ዑቕባይ ጋራዥ አስገቡት። ጋሽ ዑቕባይ ብዙ የማይናገር መካኒክ ነው። በማግስቱ ከሥር ተኝቶ የሞተሩን የዘይት ማጠራቀሚያ ፈታው፤ አውርዶ ወንድምና እህቱ ፊት መሬት ላይ አስቀመጠው። ውስጡ ዘይት አልነበረም። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የተቃጠለ ገንፎ የመሰለ ነገር ከታች ተጋግሯል። ጋሽ ዑቕባይ በጣቱ ዛቀው።

«ይሄ ነው የዘይቱን መንገድ የዘጋው። ከየት ነው የምትገዛው?»

ዓብዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከ... እዚያ ዘይት ከሚሸጡት ቆርቆሮ ቤቶች። ከበርሜል ይቀዱልኛል። ጥሩ ወፍራም ዘይት ነው እኮ ጋሽ ዑቕባይ! ጣትዎን ቢነክሩት አይለቅዎትም። ሽታውም...»

«ያወፈሩት ነው። ከየመኪናው የተደፋ የተቃጠለ ዘይት አጣርተው፣ ማወፈሪያ ጨምረው የሚሸጡት ነው። እንኳን ቱርቦ ላለው ለወፍጮም አይሆን።» ከዚያ ወደ ፈትያ ዞር አለ። «ሞተሩ አልቋል፣ እህቴ። ሌላ ሞተር ነው የሚያስፈልገው።»

ፈትያ መካኒኩን አልሰማችውም። ወንድሟን እያየች ነበር።

«ዓብዱ። የኔ ዘይት የት ሄደ?»

ዓብዱ መሬት መሬት አየ።

«የኔ ዘይት የት ሄደ ነው የምልህ!»

«ሸጥኩት።»

«ለማን?»

«ለሐሩን። ለባለ ውይይት ታክሲው።» ከዚያ ፊቱን ቀና አደረገ፣ ሰው በሐሰት እንደከሰሰው ሁሉ። «ግን አላታለልኩትም! ሲንተቲክ ነው፣ አላታልልህም ብዬ ነው የሸጥኩለት። በዚያው ብር ነው ወፍራሙን የገዛሁልሽ። አንድ ሳንቲም ለራሴ አላስቀረሁም፤ ወላሂ!»

አሁን ማለ። እውነት ስለሆነ ማለ። «ለአንቺ ብዬ ነው ፈትያ፤ መኪናሽን እንዳያበላሹብሽ ብዬ ነው» እያለ እዚያው ዘይት በጠጣው መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ቢሰርቃት ይሻላት ነበር። ሌባ ይረገማል፣ ልብም ይወጣለታል። ይህን ምን ብላ ትርገመው? ያጠፋት እየወደዳት ነው።

ቤት ሲገቡ ወሬው ቀድሟቸው ነበር። ጎረቤት ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እየተንጠባጠበ መጣ፤ መጥቶም ዓብዱን ከበበ። «አይዞህ ዓብዱ፣ ዋናው ጤና ነው።» «ብረት ነው፣ ይተካል።» «ያው የአላህ ሥራ ነው፣ አንተ ምን ታደርግ!» ለእውነተኛዋ ባለመኪና አይዞሽ ያለ አንድም ሰው አልተገኘ። መኪናው በማን ስም ነውና? ፈትያ ሻይ እየቀዳች፣ ብርጭቆ እየሰበሰበች ስታስተናግድ አመሸች። እናቷ ለእንግዶቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ከጓዳ ሰማቻቸው።

«የሰው አገር ገንዘብ እኮ በረካ የለውም። እኔ ከመጀመሪያውም ልቤ አልወደደውም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው። ፈትያ ብርጭቆውን ከእጇ አኑራ ሳሎን ወጣች።

«እማ፣ ገንዘቤ ነው በረካ ያጣው? በዚያ ገንዘብ ስንት ዓመት በላችሁ? ይህን ጣሪያ ምን አለበሰው?»

 እትዬ ሰኪና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ዓብዱ «ፈትያ፣ ተይ በሰው ፊት» አለ። አንዲት ጎረቤት ወደ አጠገቧ ጠጋ ብላ፣ «ዓረብ አገር የኖረ ሰው እንዲህ ቁጡ ይሆናል» ስትል ለሌላዋ ሹክ አለች። ፈትያ ተመልሳ ጓዳ ገባች፤ ብርጭቆዎቹን አጥባ ጨረሰች።

ሚኒባሱን ጎትተው ግቢ አስገቡት፤ ጎማዎቹ ተፈትተው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለሌላ ሞተር የሚበቃ ነገር ከቤቱ ጥራጊ ቢሰበሰብ አይገኝም። ዶሮዎቹ ሥሩ ማደር ጀመሩ። ዓብዱ ወደ ጫማው ተመለሰ። ሾላ ገበያ ሰው ጫማ ሲያመጣለት እንደ ድሮው ጎበጥ ያደርጋል፣ ያሸታል፣ ክብሪት ይጭራል። «ሲንተቲክ» የምትለዋን ቃል ግን አፉን ሞልቶ አይላትም፤ «ሌላኛው ዓይነት ነው» ይላል አሉ።

ፈትያን ማንም ሂጂ አላላትም። ማንም ቅሪም አላላትም። አንድ ቀን ጧት ግን እናቷን ሽምብራ ሲለቅሙ አገኘቻቸው።

«ለምንድን ነው እማ፣ ይህ ሁሉ?»

እትዬ ሰኪና ቀና አላሉም። «ትንሽ ሽሮ ላስፈጭልሽ ብዬ ነው። እዚያ የሚበላ ጠፍቶሽ እንዳይሆን።»

ፈትያ ገና እሄዳለሁ አላለችም ነበር። ቆማ እናቷን አየቻቸው፤ የእናቷን እጅ፣ ጠጠሩን ከሽምብራው የሚለየውን። ከዚያ ገብታ ፓስፖርቷን ከሳጥኑ አወጣች። ማኅተሙ ገና በሕይወት ነበር። ያን ቀን ራሷን ጠላች፤ ቤቱን ሁሉ ጠላች፤ ያለቀሰችው ግን ያቺን መስኮት የሌላት ክፍል አስባ ነው።

አዲስ ዓመት በዋለ በጥቂት ቀን፣ ጧት፣ የሐሩን ውይይት በር ላይ መጥቶ ቆመ። ሐሩን የሠፈር ልጅ ነው፤ ሹፌርነቱን የሚያህል ወሬ አለው። «ለፈትያ ከሆነ ተራዬን ትቼ ነው የምመጣው» ብሎ ነበር፤ አደረገውም። እትዬ ሰኪና ደጃፍ ላይ ዱዓ አድርገው ሸኙ። ዓብዱ ጋቢና ገባ። ፈትያ ሻንጣዋንና ሽሮዋን ይዛ ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ያ ውይይት ድሮ ከማዶ የሚታወቀው በጭሱ ነበር። አሁን ግን ሞተሩ መነሳቱም አልተሰማ። ወደ ቦሌ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሲሄድ ድምፁ ለስለስ ያለ ነው፤ ጅዳ ከጋሽ ያሕያ ኋላ ተቀምጣ ትሰማው የነበረው ድምፅ ነው። ፈትያ ቀድማ አወቀችው። ዓብዱ ገና አንገቱን መስኮት መስኮት አዙሯል።

«ስሚልኝ እስቲ ፈትያ!» አለ ሐሩን ወደ ኋላ እየጮኸ። «ድሮ እኮ እኔ ጉርድ ሾላ ስደርስ ጭሴ ገና መገናኛ ነበር። ሞተሩን አስወርጄ አሠርቼው ልክ ስጨርስ፣ ይህ ወንድምሽ አንድ ካርቶን ዘይት ሸጠልኝ። በርካሽ! ሲንተቲክ ነው፣ አላታልልህም አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ዘይት ዘይት ነው ብዬ ጨመርኩት። ከዚያ ወዲህ ወላሂ መካኒክ ቤት አልሄድኩም። እንዲህ ያለ ሐቀኛ ሰው የት ይገኛል? ሌላ ቢሆን አምስት እጥፍ ያስከፍለኝ ነበር!»

 የዓብዱ ማጅራት ሲቀላ ፈትያ ከኋላ አየች።

«አሁን ግን ሊያልቅብኝ ነው» ቀጠለ ሐሩን። «ጅዳ እንደ ውሃ ነው አሉ። በናትሽ ስትመጪ ለኔም አንድ ካርቶን ያዢልኝ። እንዳትረሺ፣ ሲንተቲክ በያቸው።»

«ኢንሻአላህ» አለች ፈትያ።

ኤርፖርት በር ላይ ዓብዱ ሻንጣዋን አወረደ።  ከዚያ ከኮቱ ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ሰጣት። ስትፈታው ጥንድ ቡናማ የሴት ጫማ ነው፤ የእግሯን ቁጥር ሳይጠይቅ ያውቀዋል።

«ሁለት ሳምንት ነው ስፈልገው የከረምኩት» አለ። «ቆዳ ነው። ሶሉም ጭምር። አሽትቺው።»

ጅዳ እዚያ ቤት ሠራተኛ ጫማዋን የምታወልቀው በር ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ እስክትመለስ ድረስ እብነ በረዱ ላይ የምትሄደው በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ነው፤ እንዳይጭረው። ፈትያ ይህን ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ ተወችው። ጫማውን አነሳች፤ ወንድሟ እንደሚያደርገው ጎበጥ አደረገችው፤ አፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ሳበችው።

እውነተኛ ቆዳ ነበር። ዓብዱ በጫማ ተሳስቶ አያውቅም።